ማጣቀሻን እንደ ምስክር መስማት፦ ለቋንቋ አጥኚዎች የአዳዲስና የነባር ምንጮች መመሪያ

የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ለማጥናት የሚነሣ ሰው ዋናው ችግሩ ለረጅም ዘመን መጽሐፍ ማግኘት ነበር። አንዱ መዝገበ ቃላት ሮም ታትሞ፣ ሌላው ፓሪስ ወይም ቪስባደን ታትሞ፣ ዋጋውም ከተማሪ አቅም በላይ ሆኖ ይገኝ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የበይነ መረብ መስመር ያለው ተማሪ ባለበት ተቀምጦ የ2,467 ቋንቋዎችን ሰዋስዋዊ ባሕርያት በሰንጠረዥ የያዘውን ግራምባንክን፣ የሺዎች ቋንቋዎችን ድምፆች የመዘገበውን ፎይብልን፣ ከዚያም ሚሊዮኖች ቃላት የያዘ የአማርኛ ኮርፐስን፣ ማለትም ለጥናት የተሰበሰበ የጽሑፍ ክምችትን፣ ሊከፍት ይችላል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ምንጭ ሲበዛ ሥራው አልቀለለም፤ ዓይነቱን ለወጠ እንጂ። ትናንት ድካሙ ምንጩን ፍለጋ ላይ ነበር፤ ዛሬ ድካሙ የተገኘውን ምንጭ መመዘን ላይ መሆን አለበት።

ይህ መመሪያ የቆመበት አሳብ አንድ ነው፦ ማጣቀሻ ሁሉ ምስክር ነው፤ ፍርዱ የአጥኚው ነው። በአገራችን የሙግት ወግ ምስክር ሲቀርብ የተናገረው ብቻ አይሰማም። በቦታው ነበርህ ወይስ ከሌላ ሰማህ? መቼ ነበር? ከሌላው ምስክር ጋር ምን ያገናኛችኋል? ተብሎ ይጠየቃል። መዝገበ ቃላትም፣ የሰዋስው መጽሐፍም፣ የመረጃ ቋትም በዚሁ መንገድ ሊጠየቁ ይገባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ እርምጃ አራት ጥያቄዎችን በእጅዎ ይያዙ፦ ቃሉን የተናገረው ወይም የጻፈው ማን ነው? መቼና የት ተናገረው? መዝግቦ ያቆየው ማን ነው? ከአፍ እስከ ወረቀት፣ ከወረቀት እስከ ኮምፒዩተር ባለው መንገድ ላይስ ምን ቀረ? ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ትንሽ የጥናት ጥያቄ ይዘን እንዘልቃለን። ግእዝ «ከልብ»፣ ትግርኛ «ከልቢ» የሚሉትን እንስሳ አማርኛ «ውሻ» የሚለው ለምንድን ነው? ቃሉስ ከየት መጣ?

1. ጥያቄውን ያጥብቡ፤ የቋንቋውን ማንነት ያረጋግጡ

ማጣቀሻ ከመክፈትዎ በፊት ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «የአማርኛ የውሰት ቃላት» ጥያቄ አይደለም፤ የመጽሐፍ ርዕስ ነው። «ውሻ የሚለው ቃል ከየትኛው የቋንቋ ቡድን ሊመጣ ይችላል? ለዚያስ ምን ማስረጃ አለ?» ቢሉ ግን የትኛው ምንጭ እንደሚያስፈልግዎትና የትኛው እንደማያስፈልግዎት ጥያቄው ራሱ ይነግርዎታል። ያልጠበበ ጥያቄ ይዞ ወደ መረጃ ቋት የገባ ሰው ቋቱ የሚያውቀውን እንጂ እርሱ የፈለገውን ይዞ አይወጣም።

ቀጥሎ የሚነጻጸሩትን ቋንቋዎች ማንነት ይለዩ። ለዚህ ግሎቶሎግ የተባለው ነፃ የመረጃ ቋት የመጀመሪያው በር ነው። ለእያንዳንዱ ቋንቋና ዘዬ መለያ ኮድ ይሰጣል፣ የቤተሰብ ዛፉን ያሳያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ቋንቋው የተጻፉትን ሰዋስዎች፣ መዝገበ ቃላትና ጥናቶች ይዘረዝራል። የመለያ ኮዱን ማስታወሻዎ ላይ መጻፍ ከንቱ ቢሮክራሲ አይደለም። ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች ባሉበት አገር አንድ ቋንቋ ሦስትና አራት ስም ይኖረዋል፤ የአንዱ ስም ደግሞ ለሌላው ሲውል ይገኛል። የቆዩ ጽሑፎች ወላይታን «ወላሞ»፣ የምን «ጃንጀሮ»፣ ቤንችን «ጊሚራ» ይላሉ። እነዚህ ከሌላ የተሰጡ፣ አንዳንዶቹም ሕዝቡን የሚያስቀይሙ ስሞች ናቸው። ጥናቱን ፈልጎ ለማግኘት ሊያውቋቸው ይገባል፤ በራስዎ ጽሑፍ ግን ሕዝቡ ራሱን በሚጠራበት ስም ይጻፉ። የቤተሰብ ዛፉንም እንደ መጨረሻ ቃል አይያዙት። በደቡብ ኢትዮጵያ ጥቂት አረጋውያን ብቻ የሚናገሩት ኦንጎታ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም፤ ዛፉ ላይ ግን አንድ ቦታ መቀመጡ ግድ ነው። ዛፍ የሚያሳየው የአንድ አርታኢ ውሳኔን ነው፤ ክርክሩ ያለው ከሥሩ በተዘረዘሩት ጥናቶች ውስጥ ነው።

2. መዝገበ ቃላትን እንደ ሰንሰለት ያንብቡ

የቃል ጥናት ከመዝገበ ቃላት ይጀምራል። አዲሱ ምንጭ ነባሩን የተካው የሚመስለውም እዚህ ላይ ነው። እስቲ ሰንሰለቱን ከሥሩ እንከተለው። የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ያሳተመው ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አላየም፤ ዋና መምህሩ በሮም ያገኛቸውና በኋላም ወደ ጎታ የጋበዛቸው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ስለዚህ ያ መጽሐፍ ከሁሉ በፊት የአንድ የተማሩ የቤተ አማራ ካህን ምስክርነት ነው። ይህን ማወቅ መጽሐፉን አያሳንሰውም፤ ምን እንደሚመሰክር በትክክል እንድናውቅ ያደርገናል እንጂ። የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን አማርኛ ሁሉ እዚያ የለም፤ የአንድ ሰው አማርኛ ግን በግልጽ አለ።

ከዚያ በኋላ የኢዘንበርግ በ1841፣ የዳባዲ በ1881፣ የኢኛሲዮ ጉይዲ በ1901፣ ሁሉም እ.ኤ.አ.፣ ተከተሉ። ከጉይዲ ጀርባ ሮም ላይ አብረውት የሠሩት ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። እኒሁ ሊቅ ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም መምህር ናቸው፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ታላቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት ደግሞ በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ እጅ ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አለቃ ደስታ የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። በመካከሉ በ1951 ዓ.ም. የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ግጽው ከሣቴ ብርሃን ወጥቷል። ቶማስ ሌይፐር ኬን እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ቅጽ ያሳተመው የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከእነዚህ ከነባሮቹ ብዙ ወስዷል። አንድ አጥኚ ጉይዲን፣ ደስታንና ኬንን ከፍቶ ሦስቱም አንድ ትርጉም ሲሰጡት «ሦስት ምስክር አለኝ» ቢል ይሳሳታል። ያገኘው አንድ ምስክርነት ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ጉባኤ ቤት ወጥቶ በተለያየ አንደበት የተደገመ። በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያወጣውም አማርኛ መዝገበ ቃላት በዚሁ ዓይን ይታይ፦ ከቀደሙት የወሰደውን ይለዩ፣ አዲስ የመሰከረውን ይለዩ።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ቃሉን በሁሉም ይፈልጉ፤ ግን ውጤቱን በዓመት ቅደም ተከተል ይመዝግቡና የኋለኛው ከፊተኛው የጨመረው ምን እንደሆነ ብቻ ያስምሩ። አለቃ ኪዳነ ወልድና አለቃ ደስታ ቃላትን በአበገደ ተራ እንጂ በለመድነው በሀለሐመ ተራ እንዳላስቀመጡ ያስታውሱ፤ ብዙ ጀማሪዎች «ቃሉ የለም» ብለው የሚዘጉት ይህን ባለማወቅ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይ ለአነጋገሩ የኬንንና የቮልፍ ሌስላውን የድምፅ ጽሕፈት ይመልከቱ። ለግእዙ ወገን የዲልማን የ1865 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላት ዛሬ በበይነ መረብ ሊፈለግ በሚችል መልክ በነፃ ይገኛል፤ የሌስላው የ1987 እ.ኤ.አ. የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ደግሞ የሴማዊውንና የኩሻዊውን ዝምድና በየቃሉ ሥር ያቀርባል።

ወደ «ውሻ» እንመለስ። ብዙ ሰው «አማርኛ ከሴማዊ ያልወረሰውን ቃል ከአገው ወስዶታል» ከሚል ግምት ይነሣል። ግምቱ ለብዙ ቃላት ይሠራል፤ አማርኛ ከአገው ጋር ረጅም ጉርብትና አለው። ነገር ግን የዴቪድ አፕልያርድ የ2006 እ.ኤ.አ. የአገው ቋንቋዎች ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ሲከፈት የአገው ቋንቋዎች ለውሻ ያላቸው ስም በ«ግ» የሚጀምር ፈጽሞ ሌላ ቃል ሆኖ ይገኛል። የግሮቨር ሃድሰን የ1989 እ.ኤ.አ. የደጋ ምሥራቅ ኩሻዊ መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ግን በሲዳምኛና በሃድይኛ «ወ»ንና «ሸ»ን የያዙ፣ ከአማርኛው ጋር በጣም የሚቀራረቡ ቃላት ይመጣሉ። አንድ ምንጭ ብቻ የያዘ ሰው በግምቱ ይቀር ነበር፤ ሁለተኛው ምንጭ ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። ይህም ቢሆን የጥያቄው መጨረሻ አይደለም። መመሳሰል የውሰቱን አቅጣጫ አያሳይምና፣ ማን ከማን እንደወሰደ ለመናገር የድምፅ ለውጡን ሥርዓትና ቃሉ የተሠራጨበትን ክልል ማየት ያሻል። በመካከል ያሉትን የጉራጌ ቋንቋዎች ለመፈተሽ የሌስላው የ1979 እ.ኤ.አ. ባለ ሦስት ቅጽ የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገብ አለ።

3. ሰዋስውንና አጠቃላይ መጻሕፍትን በየቦታቸው ያኑሩ

ቃል ብቻውን አይቆምም፤ ሰዋስው ያስፈልጋል። ለአማርኛ የባዬ ይማም የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው፣ ቋንቋውን በራሱ በቋንቋው እየተነተነ የሙያ ቃላትንም ያስተምራል፤ የሌስላው የ1995 እ.ኤ.አ. ማጣቀሻ ሰዋስው ደግሞ ከሺህ ገጽ በላይ በሆነ ጥራዙ ምሳሌ በምሳሌ ላይ ይደረድራል። ሁለቱ የተለያየ አገልግሎት አላቸው፦ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ ወደ መጀመሪያው፣ ምን ምን ዓይነት አጠቃቀም እንዳለ ሲጠይቁ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ። ስለ አገሪቱ ቋንቋዎች በጠቅላላ ለማወቅ የቤንደርና የባልደረቦቹ የ1976 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ ዋና በር ነበር። ዛሬ በሮኒ ማየር፣ በበድሉ ዋቅጅራና በዘለዓለም ልየው አርታኢነት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኦክስፎርድ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መድበል አለ። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም ስለ ሰዎቹ፣ ስለ መጻሕፍቱና ስለ ሕዝቦቹ ታሪክ የማይታለፍ ነው።

እነዚህን አዳዲስ መድበሎች ሲያነቡ አንድ ልማድ ያዳብሩ፦ ምዕራፉን ለመልሱ ሳይሆን ወደ ሌላ ለሚመራበት መንገድ ያንብቡት። ጥሩ አጠቃላይ ምዕራፍ እንደ መንገድ መሪ ነው፤ የት እንደሚኬድ ያሳያል እንጂ ስለ እርስዎ አይሄድም። ከምዕራፉ የሚጠቅሱት ነገር በዋናው ጥናት ውስጥ እንዴት እንደተባለ ሳያዩ አይጥቀሱ።

4. የመረጃ ቋቶችን ሰንጠረዥ ከሥሩ ያንብቡ

አሁን ወደ ትልልቆቹ የንጽጽር ቋቶች ደረስን። እ.ኤ.አ. በ2005 በመጽሐፍ፣ በ2008 ደግሞ በበይነ መረብ የወጣው የዓለም ቋንቋዎች አወቃቀር አትላስ አለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ግራምባንክ ለ2,467 ቋንቋዎች 195 የሰዋስው ጥያቄዎችን ያቀርባል፤ ፎይብል በ2019 እ.ኤ.አ. ዕትሙ 3,020 የድምፅ ዝርዝሮችን ለ2,186 ቋንቋዎች ይዟል። እነዚህን ቁጥሮች ከመደነቅ ይልቅ እንመርምራቸው። የፎይብል ዝርዝሮች ከቋንቋዎቹ ይበልጣሉ። ምክንያቱም ለአንድ ቋንቋ ከአንድ በላይ ምንጭ ሲገኝ ቋቱ ሁሉንም ይይዛቸዋል፤ አስታርቆ አንድ አያደርጋቸውም። ይህ ጉድለት ሳይሆን ሐቀኝነት ነው። የአማርኛ ተነባቢዎች ስንት ናቸው? «ቋ» «ኳ» «ጓ» «ኋ» የሚወክሏቸው፣ ከንፈር እየከበበ የሚነገሩ ድምፆች ራሳቸውን የቻሉ ንጥረ ድምፆች ናቸው የሚል አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ የሁለት ድምፅ ጥምር ናቸው የሚል ሌላ ቁጥር ይሰጣል። በውሰት ቃላት ብቻ የሚገኙትን «ፐ»ንና «ቨ»ን መቁጠር አለመቁጠርም እንዲሁ ነው። ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ የሚወስድ አጥኚ ሳያውቅ የአንዱን ወገን ትንታኔ ተቀብሏል።

በሰዋስው ቋቶች ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ቋንቋው መስተዋድዱን ከስሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚያስቀምጠው?» ለሚል ጥያቄ አማርኛ ምን ይመልሳል? «ከጠረጴዛው ላይ» ስንል «ከ» ከፊት፣ «ላይ» ከኋላ ነው፤ «በቤቱ ውስጥ»ም እንዲሁ። አንድ ሳጥን ብቻ እንዲሞላ የሚያስገድድ ሰንጠረዥ ይህን እውነት ከሁለት አንዱ እንዲሆን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሦስት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ የጥያቄውን ትርጓሜ ሙሉውን ያንብቡ፤ «መስተዋድድ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ሁለተኛ፣ መልሱ የተወሰደበትን መጽሐፍ ተከትለው ይሂዱ። ሦስተኛ፣ የራስዎ ንባብ ከቋቱ ከተለየ ልዩነቱን በምሳሌ አስደግፈው ይጻፉ። እነዚህ ቋቶች እርማትን የሚቀበሉ ሥራዎች ናቸው፤ ተናጋሪው አጥኚ ዝም ካለ ስሕተቱ በሌሎች መቶ ጥናቶች ይባዛል።

5. ኮርፐስን በፊደላችን ጠባይ ይመርምሩ

የአማርኛ ኮርፐሶች በቁጥርም በጥራትም እያደጉ ናቸው። በዋልታ ዜናዎች ላይ የተሠራው፣ የቃል ክፍል ምልክት በእጅ የተሰጠው ኮርፐስ 1,065 ዜናዎችንና ወደ 210,000 ቃላት ይዟል። በ2018 እ.ኤ.አ. የቀረበው ዘመናዊ የአማርኛ ኮርፐስ ወደ 24 ሚሊዮን ቃላት አለው፤ ምልክቱ ግን የተሰጠው በኮምፒዩተር ነው። ዩኒቨርሳል ዲፔንደንሲስ በተባለው የብዙ ቋንቋዎች የሰዋስው ትንተና ፕሮጀክት ሥር ያለው የአማርኛ የዓረፍተ ነገር ዛፍ ባንክ ደግሞ 1,074 ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አሉት። እነዚህ ሦስት ኮርፐሶች አንድ ሕግ ያስተምራሉ፦ የሰው እጅ የነካው ትንሽ ነው፤ ትልቁ የማሽን ግምት ነው። የድግግሞሽ ጥያቄ ካለዎት ትልቁን፣ የትንታኔ ጥያቄ ካለዎት ትንሹን ይምረጡ። ዜና ብቻ ከያዘ ኮርፐስ ስለ አማርኛ ወግና ጨዋታ አይደምድሙ።

ከዚያ ወደ ፊደሉ ይምጡ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው የቆዩ የኮምፒዩተር ጽሑፎች ሳይለወጡ አይነበቡም። ዩኒኮድ ውስጥ ከገቡም በኋላ «ኃይል»፣ «ኀይል»፣ «ሀይል»፣ «ሐይል» ለሰው አንድ ቃል፣ ለኮምፒዩተር አራት ቃላት ናቸው። ኮርፐሱን ከመፈለግዎ በፊት «ሀ»ን «ሐ»ንና «ኀ»ን፣ «ሰ»ንና «ሠ»ን፣ «አ»ንና «ዐ»ን፣ «ጸ»ንና «ፀ»ን በአንድ የሚያጠቃልል ቅጂ ያዘጋጁ፤ ዋናውን ጽሑፍ ግን አይንኩት። የፊደል ምርጫው ራሱ ስለ ጸሐፊው ትምህርትና ዘመን ይመሰክራልና፤ ለታሪክ አጥኚ ያ ልዩነት ማስረጃ ነው።

ከዚህ የከፋው ፊደሉ የማያሳየው ነገር ነው። «ይመታል» ብሎ የተጻፈ ቃል ሲላላ መቺውን፣ ሲጠብቅ ተመቺውን ያሳያል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ መኖርን ይገልጻል። «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» ነው። የሚካኤል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለው መተንተኛ የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ቃላት ከፋፍሎ ያሳያል፤ እንዲህ ባለ ቃል ላይ ግን ትክክለኛውን ለመምረጥ ዐውዱን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ለ«ውሻ» ጥያቄያችንም ኮርፐሱ ወጥመድ ይዟል። አማርኛ የጥንቱን ሴማዊ ቃል በሆነ ቦታ ጠብቆት እንደሆነ ለማየት «ከልብ» ብለው ቢፈልጉ ብዙ ሺህ ውጤት ይመጣልዎታል። እነዚያ ሁሉ «ከልብ አመሰግናለሁ» እና መሰሎቹ ናቸው። ቁጥሩ ብቻ ቢታይ ታላቅ ግኝት ይመስል ነበር። ስለዚህ ከማንኛውም የፍለጋ ውጤት ቢያንስ መቶ ምሳሌዎችን በዘፈቀደ አውጥተው ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ያላነበቡትን ቁጥር አይጥቀሱ።

6. ወደ ተናጋሪው ይመለሱ፤ የራስዎንም ምስክርነት ያኑሩ

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ የሚቀረው ክፍተት የት እንዳለ በትክክል ያውቃሉ። ወደ ተናጋሪ መሄድ የሚጠቅመው ያኔ ነው። መጻሕፍት ሊመልሱት የሚችሉትን ጥያቄ ይዞ ሽማግሌን ማድከም ነውር ነው፤ መጻሕፍት ሊመልሱት የማይችሉትን ሳይጠይቁ መመለስ ደግሞ ጥፋት ነው። ከመቅረጽዎ በፊት ድምፁ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው በሚገባቸው ቋንቋ አስረድተው ፈቃድ ይቀበሉ። ድምፁን ለመተንተን ፕራት፣ ቅጂውን ከጽሑፉ ጋር ለማሰናኘት ኢላን፣ ቃላትንና ጽሑፎችን አያይዞ ለማከማቸት ፊልድወርክስ፣ ሦስቱም በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎች ናቸው። ምሳሌዎችን ሲጽፉ የላይፕዚግን የምእላድ አጻጻፍ ደንቦች ይከተሉ፤ አሥር ደንቦች ብቻ ናቸው፣ ቋንቋውን የማያውቅ አንባቢም ምሳሌዎን እንዲከተል ያደርጋሉ። መጥበቅና መላላትን ሁልጊዜ ምልክት ያድርጉበት።

በመጨረሻ ሥራዎን ሌላ ሰው ሊጠይቀው በሚችል መልክ ያስቀምጡ። የተናጋሪው የትውልድ አካባቢ፣ የዕድሜ ክልል፣ ቀኑና ሁኔታው ይጻፍ፤ ስሙ ግን ካልፈቀደ አይጻፍ። ለአደጋ የተጋለጡ ቋንቋዎች ቅጂ ከሆነ እንደ ኤላር ባለ ቋሚ ቤተ መዛግብት ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂም ለማኅበረሰቡ ይመለስ። ማጣቀሻ ሲጽፉ ሦስት የኛ አገር ጉዳዮችን ይጠንቀቁ። አንደኛው ዘመን ነው፦ 1962 ዓ.ም. የሚለው የአለቃ ደስታ መጽሐፍ በውጭ ዝርዝሮች 1970 ተብሎ ይገኛል፤ ስለዚህ አቆጣጠሩን ሁልጊዜ ይግለጹ። ሁለተኛው ስም ነው፦ ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ስም እንጂ በአባት ስም አይጠሩም፤ የውጭ ካታሎጎች ግን ባዬ ይማምን «ይማም» በሚለው ሥር ያስገባሉና በሁለቱም ይፈልጉ። ሦስተኛው ዕትም ነው፦ የበይነ መረብ ቋት ዛሬ ያለው መልስ ነገ ሊታረም ይችላልና የዕትሙን ቁጥር ይጻፉ።

በዚህ አካሄድ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው «ጊዜ ይፈጃል፤ ቋቶቹን የሠሩት ሊቃውንት አይደሉም ወይ?» የሚል ነው። ናቸው። ነገር ግን ምንጩን በየመልሱ ሥር የጻፉት አንባቢ እንዲከተለው ብለው ነው፤ መፈተሽ እነርሱን መጠራጠር ሳይሆን በሠሩት መንገድ መሄድ ነው። ደግሞም ሁሉም መልስ እኩል አይፈተሽም። ለመቶ ቋንቋዎች ንጽጽር የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ሣጥን ማረጋገጥ አይችልም፤ ድምዳሜው የሚቆምባቸውን ጥቂት ቋንቋዎችና እርሱ የሚያውቃቸውን ቋንቋዎች ግን መፈተሽ ይችላል፤ ይገባዋልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የድሮዎቹን የአውሮፓውያን መጻሕፍት ለምን እንደክምባቸዋለን? አመለካከታቸው የተዛባ፣ ዕድሜያቸውም ያለፈ ነው» ይላል። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ከእነዚያ መጻሕፍት ጀርባ አባ ጎርጎርዮስና ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ አሉ። መጻሕፍቱን መጣል የእነዚህን ሊቃውንት ድምፅ አብሮ መጣል ነው፤ የሚበጀው የመዝጋቢውን አመለካከት ከተናጋሪው ምስክርነት ለይቶ ማንበብ ነው።

ሦስተኛው የጊዜያችን ጥያቄ ነው፦ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠይቄ በአንድ ደቂቃ ባገኝስ?» ፍንጭ ለማግኘት፣ ያልታሰበ መጽሐፍ ለማስታወስ ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን ከላይ የያዝናቸውን አራት ጥያቄዎች ይጠይቁት፦ ማን ተናገረ፣ መቼና የት፣ ማን መዘገበ፣ ምን ቀረ? ሊታይ የሚችል ምንጭ ካልሰጠ ምስክር አይሆንም። የሚሰጠውም ምንጭ መኖሩ በዓይን መታየት አለበት። በተለይ በጽሑፍ ብዙ ላልተመዘገቡ ቋንቋዎች የሚያሳምን መልስ ከእውነተኛ መልስ ጋር በመልክ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ገጽ የተጠቀሰበት መጽሐፍ ወይም ድምፁ የተቀረጸ ሰው ብቻ ነው።

አራተኛው «መጻሕፍቱን ከየት አመጣለሁ?» የሚለው የተማሪ አቤቱታ ነው፤ ይህ ከሁሉ የሚከብድ እውነተኛ ችግር ነው። ቢሆንም ግሎቶሎግ፣ ግራምባንክ፣ ፎይብልና አትላሱ ነፃ ናቸው፤ በሃምቡርግ የሚወጣው ኢትዮፒካ መጽሔት በበይነ መረብ በነፃ ይነበባል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኤሌክትሮኒክ ቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ሌላ ቦታ የማይገኙ ጥራዞችን ይዟል። በተለይ የመመረቂያ ጽሑፎቹ በዓለም አቀፍ ቋቶች ብዙም አይጠቀሱም፤ ብዙ ጊዜ ግን በተናጋሪው ራሱ የተሠሩ፣ ከመስክ የተሰበሰቡ ምሳሌዎችን የያዙ ናቸው።

«ውሻ»ን ይዘን የጀመርነው መንገድ አንድ ነገር አሳይቶናል። አንዲት የዕለት ቃል እንኳ በግእዙ መዝገብ፣ በአገው ንጽጽር፣ በደጋ ምሥራቅ ኩሻዊ ዝርዝርና በጉራጌ ሥርወ ቃል ውስጥ ሳታልፍ ታሪኳን አትሰጥም፤ በመጨረሻም መልሱ «ከዚህ መጣ» ከሚል እርግጠኛ ቃል ይልቅ «ማስረጃው ወደዚህ ያመለክታል፣ ይህ ግን ገና አልተረጋገጠም» የሚል ሊሆን ይችላል። ያ ሽንፈት አይደለም፤ ቀጣዩ አጥኚ ከየት እንደሚጀምር የሚያሳይ ወሰን ነው። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ አንድ የሚያውቁትን ቃል ይምረጡ፤ በሁለት ነባር መዝገበ ቃላትና በአንድ አዲስ ቋት ይፈልጉት፤ በአካባቢዎ ሲነገር የሚሰሙት ከተጻፈው ከተለየ ልዩነቱን ከቀኑና ከቦታው ጋር ይጻፉት። የቋንቋዎቻችን ማጣቀሻ የሚሟላው እንዲህ ባለ ስሙን፣ ቦታውንና ምንጩን በገለጸ ምስክርነት ነው።